ግድግዳው ሁሉ ይጮኻል፤ ሽቦው የቱ ጋ ነው?

የጠባሴው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ። እናቴ ቤት አንድ ነገር ገጥሞኝ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው። ጎረቤት «ልጅሽ ደህና ነው?» ማለት ጀምሯል።

ቤቱ ሁለት ዓይነት ነው። ሳሎኑ በብሎኬት የተሠራ፣ ኋላ የተቀጠለ ነው። ጓዳውና የእናቴ መኝታ ቤት የድሮው የጭቃ ቤት ናቸው፤ ላያቸው በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። የመኝታ ቤቱ መብራትና ሶኬት አብረው ጠፍተዋል። መቼ ጠፋ ብዬ ስጠይቃት «ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ነው» ትላለች። ብሬከሩ አልወረደም። አምፖል ቀየርኩ። ሶኬቱን ፈትቼ አየሁ፤ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ላይ ምንም አይመጣም።

ሽቦውን የዘረጋው ሰው አርፏል፣ ነፍሱን ይማር። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ እስከ መኝታ ቤቱ ጥግ ድረስ አየሁት። ከዚያ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ በቃ። ቱቦ የለውም። ጭቃው ውስጥ እንዲሁ ተመርጎበታል።

አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ መርካቶ ጎራ ብዬ ቶነር ገዛሁ። ያው ሁለት ዕቃ ነው፤ አንዱ ሽቦው ላይ ታስሮ ድምፅ የሚልክ፣ ሌላው እንደ ዱላ ተይዞ የሚያዳምጥ። ላኪውን ብሬከር ሳጥኑ ጋ አሰርኩትና ዱላውን ይዤ ዞርኩ። ሳሎኑ ይጮኻል። ጓዳው ይጮኻል። መኝታ ቤቱማ ከጥግ እስከ ጥግ ይዘፍናል። ዕቃው ነው የማይረባው ወይስ እኔ?

ባለፒንሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡32

ሸዋ ሮቢት ነው የምሠራው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃውን ከመስደብህ በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። አንደኛ፣ ብሬከሩን አውርደሃል? ያ ዕቃ ለስልክና ለኔትወርክ ሽቦ የተሠራ ነው። 220 ቮልት ላይ ብታስረው ይቃጠላል፤ ክሊፑን የያዘው እጅህ ደግሞ ከዕቃው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ቀዩን ክሊፕ የት፣ ጥቁሩን የት አሰርክ?

መንዜው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

እኛ መሐል ሜዳ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ሙሉ። ሽቦ የሚቀብር ጀግና የለም፤ በላዩ ላይ ነው የሚሄደው። አያምርም ግን አይጠፋም።

የጠባሴው | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡51

@ባለፒንሳ ብሬከሩ ወርዷል፣ በመልቲሜትርም ዜሮ መሆኑን አይቻለሁ። የመኝታ ቤቱን ፌዝ ከብሬከሩ ነቅዬ ቀዩን እሱ ላይ አሰርኩ። ጥቁሩን ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ላይ። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል እንደዛ መሰለኝ፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው።

@መንዜው አንተ ቆይ።

ጡረተኛው | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ልጄ፣ እኔ ስልክ ዝርጋታ ላይ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። በዚያ ዘመን ይቺን ዱላ ይዘን ከመቶ ጥንድ ሽቦ ውስጥ አንዷን እንለቅም ነበር። እናም ዕቃህን ተዋት፣ ምንም አልሆነችም። ጥፋቱ ጥቁሩ ክሊፕ ላይ ነው።

ላኪው የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው። በሰከንድ አንድ ሺህ ጊዜ አካባቢ የሚወዛወዝ ትንሽ ቮልቴጅ ሽቦው ላይ ያስቀምጣል። ሽቦው ዙሪያውን የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል። ዱላው ያንን መስክ በጫፉ ይለቅምና አጉልቶ ያሰማሃል። ስለዚህ ሽቦውን መንካት አያስፈልግም። በልስን አልፎም ይሰማል።

አሁን አንተ ቀዩን ፌዝ፣ ጥቁሩን ኒውትራል ላይ አደረግህ። ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ናቸው የሚሄዱት። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። መስማት የፈለግህበት ቦታ ድምፁ ይዳከማል ማለት ነው።

የባሰው ግን ይኸውልህ። የቤቱ ኒውትራሎች ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አንድ የነሐስ ዘንግ ላይ ነው የሚገናኙት። አንዱ ላይ ድምፅ ጫንክ ማለት ሁሉም ላይ ጫንክ ማለት ነው። ሳሎኑም፣ ጓዳውም፣ የምጣዱ መስመርም ይዘምራል። ለዚህ ነው ቤቱ ሁሉ የጮኸብህ።

እንዲህ አድርግ። ዋናውን ማጥፊያ አውርድ፤ የመኝታ ቤቱን ብሬከር ብቻ አይደለም፣ ዋናውን። መልሰህ ለካ። ከዚያ የመኝታ ቤቱን ኒውትራል ከዘንጉ ንቀል። ከዚያ መስመር አምፖሉን አውጣ፣ ሶኬቱ ላይ የተሰካ ነገር ካለ ንቀል፤ አለዚያ ድምፁ በአምፖሉ በኩል ዞሮ ኒውትራሉ ላይ ይመጣል። ቀዩን ክሊፕ ፌዙ ላይ ተወው። ጥቁሩን መሬት ላይ፣ ከቤቱ ሽቦዎች ራቅ አድርገህ።

ባለፒንሳ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡28

ጋሼ ጨርሰውታል። አንድ ልጨምር። መሬት ሲባል የውሃ ቧንቧ የሚይዝ ሰው አለ። ድሮ የብረት ቧንቧ ስለነበር ይሠራ ነበር። አሁን ግማሹ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ክሊፕ ማሰር ማለት በር እጀታ ላይ ማሰር ማለት ነው። የግራውንድ ብረት ከሌለህ አንድ ፌሮ ጓሮ ውስጥ ክንድ ያህል ቅበርና ውሃ አፍስስበት። ይሄ ለመፈለጊያ ብቻ ነው፤ ለቤቱ ግራውንድ አይሆንም። እንዳትተወው።

ደብረ ሲና ታች | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡05

ወገን ለምን ትደክማለህ? በላስቲክ ካናል አዲስ መስመር በግድግዳው ላይ ዘርጋና ጨርስ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። አሮጌውን እዚያው ይቅር።

ወይ ደግሞ የአባቴን ዘዴ ሞክር። ያ የድሮ ሬዲዮ፣ ኤኤም ያለው። ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁመው፣ መብራት የሚያደበዝዝ ማብሪያ ያለበትን መስመር አብራና ሬዲዮውን ግድግዳው ላይ አስጠጋው። ሽቦው ባለበት ቦታ ጭጭጭ ይላል። አባቴ ቶነር ሳይኖረው ስንት ቤት ሠርቷል።

ባለፒንሳ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

የሬዲዮው እውነት ነው። ግን መብራት ያለበት መስመር ላይ ነው የሚሠራው። የልጁ ሽቦ ሞቷል።

ካናሉን አልቃወምም። እኔም ብሆን መጨረሻ ላይ እሱን ነው የምሠራው። ግን የት እንደተቋረጠ ሳይታወቅ ትቶ መሄድ አልወድም። ግድግዳ ውስጥ ያለ ሽቦ ከሳጥኑ በኩል ፌዝ ሊኖረው ይችላል። ነገ አንዱ ሚስማር ይመታበታል።

የጠባሴው | ሐሙስ፣ ማታ 1፡45

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን አደረግሁ።

ጓሮ ፌሮ ቀበርኩ፣ ባልዲ ውሃ አፈሰስኩ። እናቴ «ችግኝ ነው?» አለች። ኒውትራሉን ነቀልኩ። ሳሎኑ ወዲያው ዝም አለ። ጓዳውም ዝም። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

ኮርኒሱ ላይ ወጣሁ። እዚያ ሦስት ሽቦዎች ተጠማዝዘው ይሄዳሉ፣ ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ ፌዝም ኒውትራልም ጥቁር። መጀመሪያ ሦስቱም የሚጮኹ መሰለኝ። የዱላውን ድምፅ ስቀንሰው አንዱ ብቻ ቀረ። በጣት ለየሁት። እስከ መኝታ ቤቱ ጥግ ድረስ እንደ ክር ተከተልኩት።

መኝታ ቤት ስወርድ ግን ያው ነው። በር ያለበት ግድግዳ፣ አራት ሜትር ገደማ ርዝመት፣ ከላይ እስከ ታች ይጮኻል። ብቀንሰውም ይጮኻል። የትም ቦታ አይቆምም፣ የትም ቦታ አይብስም። የቀሩት ሦስቱ ግድግዳዎች ዝም ናቸው።

ባለፒንሳ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ጭቃው እርጥብ ይሆን? እኛ ጋ ክረምት ላይ የጭቃ ቤት መፈለግ ጣጣ ነው። እርጥብ ጭቃ ድምፁን እየሳበ ይበትነዋል።

የጠባሴው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡04

ጥር ነው እኮ ወንድሜ። ውርጩ ሣሩን አቃጥሎታል፤ ጠብታ ዝናብ የለም። ግድግዳው ደረቅ ነው፤ በእጅ ስታንኳኳው እንደ ከበሮ ይሰማል።

ጡረተኛው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡25

የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ዝም ብሎ አይይዝም። ሰዉ የወንፊት ሽቦ ዘርግቶ በሚስማር ማገሩ ላይ መትቶ ነው የሚለስነው። እናትህን ጠይቅ። በዚያኛው ግድግዳ ወንፊት ካለ እሱ ነው የሚዘፍነው። ብረት ድምፁን ከሽቦው ተቀብሎ ዙሪያውን ያሰራጨዋል። ወንፊቱ መሬት ላይ የታሰረ ቢሆን ደግሞ በተቃራኒው ድምፁን ይሸፍነዋል፤ ምንም አትሰማም ነበር።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ ግን። ወንፊት ሳይነካ በአጠገቡ ያለ ሽቦ ድምፅ ሲያቀብለው ከሽቦው ደከም ይላል። አንተ «የትም ቦታ አይብስም» ነው ያልከው።

የጠባሴው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ጠየቅኋት። ወንፊት አለ። «አባትህ ነው ያስለሰነው፣ በዚያኛው በኩል ዝናብ ይመታው ስለነበር» አለች። ሌሎቹ ግድግዳዎች የላቸውም።

እግረ መንገድ፣ ቴስተር እስክሪብቶ አለኝ፤ ሳይነካ ጢጢ የሚለው። መጀመሪያ ቀን ብሬከሩ እንዳልወረደ ይዤው ዞሬ ነበር። እሱም ያኛው ግድግዳ ላይ በየቦታው ይጮህ ነበር። ርካሽ ስለሆነ ተውኩት። እናቴ ደግሞ ይባስ ብላ «ይኼ ግድግዳ እኮ ሰው ይነዝራል» ትላለች። ለገና ቤት ስትወለውል እርጥብ ጨርቅ ይዛ ነዝሯታል አሉ። ብርድ ነው ብያታለሁ።

የላብ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡54

ቆይ ቆይ። ይቅርታ፣ ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ነው የምማረው።

ብርድ አይደለም። እባክህ አሁን ያ ብሬከር ወርዷል ወይስ ተነስቷል? የወረደ ከሆነ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፍበት። ማንም እንዳያነሳው። እናትህም ያንን ግድግዳ እንዳይነኩ።

ያ ሁሉ ነገር አንድ ነገር ነው የሚናገረው። ቶነሩ ወንፊቱ ላይ እኩል ይጮኻል። ቴስተሩ ወንፊቱ ላይ ይጮኻል። እናትህን ነዝሯቸዋል። ፌዙ ወንፊቱን ነክቷል። ወንፊቱ ራሱ ሽቦ ሆኗል ማለት ነው፣ አራት ሜትር የሚያክል።

የጠባሴው | ሐሙስ፣ ማታ 2፡57

ወርዷል። ለጠፍኩበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ግን ብሬከሩ ለምን አልወረደም? ኮንታክት ከሆነ መውረድ አልነበረበትም?

የላብ ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ያ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ሰውን አይደለም። 16 አምፔር ከሆነ ከዚያ በላይ ብዙ ሲያልፍበት ነው የሚወርደው። ፌዝና ኒውትራል በቀጥታ ቢነካኩ በመቶዎች አምፔር ስለሚሮጥ ወዲያው ይወርዳል። የአንተ ወንፊት ግን በደረቅ ጭቃና በእንጨት ማገር ላይ ነው የተቀመጠው። ወደ መሬት የሚፈሰው በጣም ትንሽ ነው። ለብሬከሩ ምንም አይደለም።

ለሰው ግን ሌላ ነው። ልብን ለማወክ 30 ሚሊአምፔር አካባቢ ሊበቃ ይችላል፤ 16 አምፔር ለአምስት መቶ ቢከፈል አንዱ እጅ ገደማ ነው። እናትህ ልስኑ ደረቅ ስለነበር፣ ምናልባትም ጫማ ስላደረጉ ነው የተረፉት። ለዚህ ተብሎ የሚሠራ ሌላ ብሬከር አለ፣ ሊኬጅ የሚሉት። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያወዳድራል፤ 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ ቆርጦ ይጥላል። ሳጥንህ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ዱላውን አስቀምጠው። መልቲሜትር አውጣ። ዋናው ማጥፊያ ወርዶ፣ የመኝታ ቤቱ ፌዝ ከብሬከሩ ተነቅሎ፣ ቶነሩም ተፈቶ፣ በኦም ለካ። አንዱን ጫፍ ሳጥኑ ጋ ካለው ፌዝ ጋር በረጅም ሽቦ አገናኝ። በሌላው ጫፍ ያንን ግድግዳ ላይ ያለ ሚስማር ሁሉ አንድ በአንድ ንካ። የልብስ መስቀያ፣ የመጋረጃ፣ ሁሉንም።

ጡረተኛው | ሐሙስ፣ ማታ 3፡22

ልጅቷ ትክክል ናት። እኔም ያ ነገር ሲከነክነኝ ነበር፤ ዕድሜ አዘገየኝ። ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ምን ነበር ቤታችሁ?

የጠባሴው | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡30

ጋሼ፣ ያ ጥያቄዎ እንቅልፍ ነሳኝ።

እናቴ የሚካኤል ዝክር አላት፣ ኅዳር 12። ዘንድሮ ሥዕለ ሚካኤልን በአዲስ መስታወት አሠርታ ራስጌዋ ላይ ሰቅላዋለች። የጎረቤት ልጅ ነው ሚስማሩን የመታላት። ባለ አሥር ሳንቲሜትር ሚስማር፤ ሥዕሉ ከባድ ነው ብሎ።

ጠዋት ለካሁ። የጋቢ መስቀያው ሁለት ሚስማሮች አሉት፣ 3 ኦም ገደማ አሳዩ፤ ወንፊቱን ነክተዋል ማለት ነው። የመጋረጃው ምንም አላሳየም። የሥዕሉን ሚስማር ስነካ 0.6። መልቲሜትሩ ጢ አለ። እናቴ አማተበች።

ባለፒንሳ | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡41

አገኘኸው። ሚስማሩ ፌዙን ቆርጦታል። ከሳጥኑ የመጣው ቁራጭ ሚስማሩ ላይ ቀርቷል፣ ሚስማሩ ደግሞ ወንፊቱን ወግቷል። ወደ ሶኬቱ የሚሄደው ቁራጭ ሞቷል። ለዚህ ነው መብራቱ የጠፋው። ኒውትራሉን በጣት ስቶት ነው እንጂ እሱንም ቢነካ ያኔውኑ ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ቢወርድ ይሻል ነበር።

ሚስማሩን ንቀልና ቶነሩን መልሰህ ሞክር። አሁን ይናገራል።

ጡረተኛው | ዓርብ፣ ጠዋት 5፡00

ስትሞክር የሞተውን ቁራጭ በሶኬቱ በኩል ፌሮው ላይ እሰረው። አለዚያ ድምፁ በተቆረጠችው ክፍተት ዘልሎ ወዲያኛው ቁራጭ ላይም በስሱ ይሰማሃል፤ ሽቦው ያልተቆረጠ ይመስልሃል። መሬት ላይ ከታሰረ ግን የተቆረጠው ቦታ ላይ ድምፁ ቁጭ ይላል።

የጠባሴው | ዓርብ፣ ቀን 8፡20

ልክ ነው። ልክ ነው። ልክ ነው።

ሚስማሩን ስነቅል ነሐስ ቀለም የያዘ ጭረት ነበረበት። ቶነሩን አሰርኩ፣ ሶኬቱን ፌሮው ላይ አሰርኩ። ግድግዳው ፀጥ አለ። ወንፊቱ አሁንም በስሱ ያጉረመርማል፣ ግን ድምፁን ስቀንሰው አንዲት መስመር ብቻ ቀረች። ከጥጉ ወርዳ፣ ወደ ግራ ታጥፋ፣ በሰያፍ ትሄዳለች። ቀጥ ብላ እንኳ አይደለም፤ ሰውየው ጭቃው እርጥብ ሳለ አጭር መንገድ ነው የመረጠው። በጠመኔ ተከተልኳት። የሚስማሩ ቀዳዳ ላይ ስደርስ ቆመች። ከቀዳዳው ሦስት ጣት አልፌ ምንም የለም።

የሰፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቻለሁ፤ ግድግዳውን እኔ አልነካም። ጭቃ ውስጥ ገጥሞ መልሶ መመረግ እንደማይሆን ነግሮኛል። አሮጌውን ሽቦ ሳጥኑም ጋ ሶኬቱም ጋ ቆርጦ ሊጥለው፣ አዲሱን በካናል ሊያወርደው ተስማማን። ሊኬጅ ብሬከርም ይገባል።

ደብረ ሲና ታች | ዓርብ፣ ቀን 8፡31

ረቡዕ ካናል ብዬ ነበር እኮ።

የላብ ልጅ | ዓርብ፣ ቀን 8፡40

ብለሃል። ግን አዲስ መስመር ከዚያው ብሬከር አውጥቶ አሮጌውን ሳይነቅል ቢቀር ኖሮ መኝታ ቤቱ በርቶ ግድግዳውም በርቶ ይቀር ነበር።

የጠባሴው | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡15

ተጠናቀቀ። መብራቱ በርቷል።

ሠራተኛው ካናሉን በቀጥታ በራስጌው በኩል ሊያወርደው ነበር፣ አጭር ነው ብሎ። እናቴ አልፈቀደችም። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ላይ ይመለሳል አለች። ሽቦው በበሩ በኩል ዞሮ ወረደ፣ ሁለት ሜትር ተጨምሮ። ሚካኤል ቦታው ላይ ነው፣ በትንሽ ሚስማር።

መንዜው | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡22

እንኳን ደስ ያለህ። ያንን ቶነር ለአንድ ሳምንት ታውሰኛለህ? የወንድሜ ቤት ብሎኬት ነው፣ ደነባ።

የጠባሴው | ቅዳሜ፣ ማታ 1፡24

ባትሪው አልቋል። ባለ 9 ቮልት ይዘህ ና።